ቀለም የያዘው ሰሊጥ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ከዚህ ውስጥ አንዲት ሐሰት ብትገኝ ሰሊጤን በረዶ ይምታው፣ ማዕረጌ ከትከሻዬ ይርገፍ፣ የጓንግ ወንዝ በክረምት ሙላቱ ጠራርጎ ይውሰደኝ። በቆላው ምድር ከእኔ ከኢንስፔክተር ቢያድግልኝ የሚበልጥ መርማሪ አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ በልጅነቱ ወባ ወስዶታል። ጅቡ እንኳ አህያ የሚበላው ተረኛው እኔ አለመሆኔን አጣርቶ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን መናገር ጉራ አይባልም።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነበር። ስርጉት ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ጣቢያ በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ሥዕሉን ወስደውታል» አለች።

«ማን?»

«ባውቅማ እርስዎ ጋ ምን አመጣኝ?»

ስርጉት የሠዓሊው የማናዬ ሚስት ናት። ማናዬ መተማ ዮሐንስ ውስጥ የጭነት መኪና በርና የሱቅ ማስታወቂያ ሲሥል የኖረ ሰው ነው። አንበሳ ሥል ሲሉት ድመት ይወጣው ነበር፤ ሰው ሲሥል ግን የሥዕሉ ሰውዬ ዘወር ብሎ «እንዴት ዋላችሁ» የሚል ይመስላል። ባለፈው ክረምት ወባ ገደለው። ከመሞቱ በፊት ገበሬው ሰሊጥ ሲያራግፍ ከሥር የሚያነጥፈውን ትልቁን ሸራ ግድግዳው ላይ በምስማር ወጥሮ፣ ከሱዳኗ ጋላባት በድልድዩ የሚፈሰውን ስደተኛ መሣል ጀምሮ ነበር። መጠኑን ለጠየቀኝ ሁሉ የእግር ኳስ ሜዳ ግማሽ ያህላል ብያለሁ፤ አሁንም ከዚያ ዝቅ አልልም።

ከረዳቴ ከኮንስታብል አለምነሽ ጋር ሄድን። አለምነሽ የጎጃም ልጅ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሦስት ቃል ከተናገረች ለፍልፋ የዋለች ይመስላታል። ቤቱ ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ ምስማሮቹ ብቻ ቀርተዋል። መሬት ላይ ሰማያዊ ቀለም የያዘ ጣሳ አለ፤ አጠገቡ አንድ ቀጭን ጥቁር ሰው ተቀምጧል።

«ይኸ ማነው?»

«ሐሚድ ነው» አለች ስርጉት። «ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ ሲመጣ ማናዬ አስጠጋው። ቀለም ይበጠብጥለት ነበር። ማናዬ ሲሞት ሥዕሉን ልጨርስለት አለ።»

«ምን ቀርቶት ነበር?»

«ሰማዩ» አለ ሐሚድ ራሱ። «ሰማይ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ ጋሼ። ትናንት እስከ ቀትር እሱን ቀባሁ።»

«ከዚያስ?»

«በሩን በሽቦ አሰርኩ። ድልድይ ሄድኩ።»

በሩን አየሁት። ያ ሽቦ እንኳን ሌባን ፍየልንም አያስቆምም።

«ድልድይ ምን ልታደርግ?»

«ሁልጊዜ እሄዳለሁ። ከዋድ መደኒ የመጣ ሰው ሳገኝ እጠይቃለሁ፤ እናቴን ያየ ካለ።»

«እዚያ መሆንህን ያየ ሰው አለ?»

ሐሚድ ፈገግ አለ፤ ጥርሱ እንጂ ፊቱ አልሳቀም። «ወላሂ ጋሼ፣ እዚያ የሚቆም ሰው የራሱን ሰው ነው የሚፈልገው። እኔን ማን ያያል?»

ወሰድነው። ምን ላድርግ? ምስክር የሌለው፣ ወረቀት የሌለው፣ ከጠፋው ዕቃ ጋር በመጨረሻ የታየ ሰው ነው። አለቃዬም ቸኮሉ።

«ቢያድግልኝ፣ መታወቂያ የሌለው ሰው እዚህ አስቀምጬ አልቀልብም» አሉ። «ሌባው ሌላ ከሆነ ቶሎ አምጣልኝ። ካልሆነ ሰኞ ወደመጣበት ይሻገራል።»

ወደመጣበት ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ማዶ ላይ ጉልበት ያለው ወንድ የተገኘ እንደሆነ ወይ ጠመንጃ ያሸክሙታል፣ ወይ ያሸከሟቸው ይተኩሱበታል። ሦስተኛ መንገድ የለም። ነገሩ የሐሚድ ነፍስ ነበረች፤ ነፍሲቱም የተሰጠችው በእኔ እጅ ነበር። በእርግጥ ከእኔ የተሻለ እጅ አይገኝም።

መጀመሪያ የያዝኩት ኸሊፋን ነው። ኸሊፋ በሁለቱም ወገን የሚነግድ፣ ዛሬ ሽንኩርት ነገ ጎማ የሚያሻግር ሰው ነው። የገዛ ጥላውን ቢያገኝ ገዢ ይፈልግለታል።

«የሚካኤል ዕለት የት ዋልክ?» አልኩት።

«ፍተሻ ላይ፣ ሽንኩርቴ ላይ ተቀምጬ ተራ ስጠብቅ።»

«ማን ይመሰክርልሃል?»

«ሽንኩርቱ። ሄደው ያሽትቱት፣ ኢንስፔክተር፤ በስብሶ ይመሰክራል።»

ሄጄ አሸተትኩት። መሰከረ። እንዲህ ያለ ጠንካራ ምስክር በሥራ ዘመኔ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ዓይኔን አስለቅሶኛል።

ቀጥሎ ጋሽ አገኘሁ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ አገኘሁ ትልቅ ገበሬ ናቸው፣ የሰበካ ጉባኤም አባል ናቸው። ወንዙ ዳር ያለው ማሳቸው ከእኔ ማሳ ኩታ ገጠም ነው። የእሳቸው ሃምሳ ሄክታር ይሆናል፤ የእኔን ስፋት አልናገርም፣ ሰው ያዝናል። ቤታቸው በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር።

«ጋሽ አገኘሁ፣ የሚካኤል ዕለት ያዩት ነገር ይኖራል?»

«እኔ ታቦት ሳጅብ ነው የዋልኩ፣ አንተ ልጅ። ምን ላይ?»

«ከሰዓት በኋላስ?»

«ከሰዓት በኋላ...» አሉና ጺማቸውን አሹ። «አንድ ሱዳናዊ ጥቅል ነገር ተሸክሞ ወደ ድልድዩ ሲወርድ አየሁ መሰለኝ።»

ይህ ቃል ሐሚድን ሊቀብር የሚበቃ ነበር። ሌላ ፖሊስ ቢሆን እዚያው መዝገቡን ዘግቶ ወደ ቢራው ይሄድ ነበር። እኔ ግን አፍንጫዬ አሳከከኝ። የእኔ አፍንጫ ያሳከከው ነገር ሐሰት ሆኖ እንጂ እውነት ሆኖ ተገኝቶ አያውቅም።

ሰኞ ቀርቧል። በዚህ መሐል አለምነሽ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ይኸን አዩት?»

አየሁት። አዲስ አበባ ያለው ትልቁ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አዲስ ሥዕል ሰቅያለሁ ብሎ ፎቶ ለጥፏል። ድልድይ፣ ጥቅል የተሸከሙ ሰዎች፣ ዘወር ብላ ሰላም የምትል የምትመስል ሴት። የማናዬ እጅ ነው።

መንግሥት ለእኔ ልዩ መኪና መደበ። ሾፌሩን አስነሥቼ ራሴ ነዳሁ። በየኬላው ስሜን ሲሰሙ ገመዱን ከማውረድ አልፈው ይበጥሱት ነበር። በአንድ ቀን አዲስ አበባ ገባን፤ ይህን ማንም ነድቶት አያውቅም፤ ወደፊትም የሚነዳው አይኖርም።

ሙዚየሙ የድንጋይ ቤት ነው፤ ሰፊ፣ ቀዝቃዛ፣ ድምፅ የሚመልስ። ስሙን አልጠራም። አስጎብኚያችን አይናዲስ የምትባል መነጽር ያደረገች ወጣት ናት። እየዞረች ታሪኩን ነገረችን፤ እኔም ለወጉ አዳመጥኳት።

«ይህን ቤት መጀመሪያ ያሠሩት አንድ ባላባት ናቸው» አለች። «ይህ አዳራሽ ግብር የሚያበሉበት ነበር። ጣሊያን ሲገባ መኮንኖቹ ክበብ አደረጉት፤ ያ የእብነ በረድ ወለል የእነሱ ነው፣ ይጨፍሩበት ነበር። ኋላ አብዮቱ ሲመጣ ቤቱ ተወረሰና የምርመራ ቢሮ ሆነ።»

«ምርመራ!» አልኩ። «ታዲያ የእኛ ቤት ነዋ!»

ማንም አልሳቀም። አይናዲስ መነጽሯን አስተካከለች።

«እዚህ የገቡ ብዙ ሰዎች አልወጡም» አለች። «ግድግዳዎቹ ሲታደሱ የድሮ ምስማሮች ተገኙ፤ ጥብቅ ስለነበሩ አልተነቀሉም። አንዳንዶቹ ሥዕሎች አሁን የተሰቀሉት በእነሱ ላይ ነው።»

አለምነሽ ግድግዳውን ቀና ብላ አየች፤ ቶሎም ዓይኗን መለሰች።

«የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎችስ ከየት መጡ?» ብላ ጠየቀች። እሷ ስትጠይቅ መስማት ለእኔም ብርቅ ነው።

«ከተያዙት ሰዎች ቤት ነው። በኤግዚቢትነት ተሰብስበው ምድር ቤት ተከምረው ነበር። ቤቱ ሙዚየም ሲሆን ባለቤት ይምጣ ተባለ።»

«ባለቤቶቹ ለምን አልመጡም?»

«የሚመጣ አልነበረም» አለች አይናዲስ። «ስለዚህ ቅርስ ሆኑ።»

እንዲህ ነው የሀገር ቅርስ የሚሰበሰበው። መጀመሪያ ባለቤቱን ታጠፋለህ፣ ከዚያ ዕቃውን በመስታወት ውስጥ ታከብረዋለህ። ለቱሪስትም ታስከፍልበታለህ።

የመጨረሻው ክፍል ውስጥ የማናዬ ሸራ ተሰቅሏል። ከሥሩ «ሠዓሊው ያልታወቀ» ይላል። አይናዲስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው።

«ሰማዩን ልብ በሉልኝ። ሠዓሊው በቀለሙ ላይ እውነተኛ ሰሊጥ በትኖበታል። ፍሬዎቹ የተበተነውን ሕዝብ ይወክላሉ። በሀገራችን ሥነ ጥበብ እንዲህ ያለ ድፍረት የተለመደ አይደለም።»

ቀረብኩ። እውነት ነው፤ ሰማያዊው ላይ ሰሊጥ እንደ ከዋክብት ተነስንሷል። ሕንፃው እስኪነቃነቅ ሳቅሁ፤ ሁለት ሥዕሎች ተንጋደዋል፣ ቢፈልጉ ያስከፍሉኝ።

«እሙዬ» አልኳት፣ «ይኼ ምሳሌ አይደለም፣ ምርት ነው! ሰሊጥ የተራገፈበት ሸራ ነው!»

«ይቅርታ?»

«እኛ ቆላ ሰሊጡ ታጭዶ በነዶ ታስሮ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደግፎ ቆሞ ይደርቃል። ሂላ እንለዋለን። ሲደርቅ አፉን ይከፍታል። ያኔ ከሥሩ ሸራ ታነጥፍና ነዶውን ገልብጠህ ታራግፈዋለህ። ይህ ሸራም ተነጥፏል።»

ከዚያ ያ አእምሮዬ፣ ያ ለሦስት ሰው የሚበቃው አእምሮዬ፣ ሥራውን ጀመረ። ሰሊጡ ያለው ሰማዩ ላይ ብቻ ነው። ድልድዩ ላይ አንዲት ፍሬ የለም፤ ሰዎቹም ላይ የለም። ለምን? ሌላው ማናዬ ሳይሞት የቀባውና የደረቀ ነው። ሰማዩን ግን ሐሚድ የሚካኤል ዕለት እስከ ቀትር ቀባው። በእኛ ፀሐይ ቀለም እስከ ማግስቱ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ሸራው ማሳ ላይ የተነጠፈው በዚያው በሚካኤል ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው።

አሁን ቆላን የማያውቅ ሰው «ታዲያ ምን አለበት?» ይል ይሆናል። ምን አለበት! በኅዳር ሚካኤል ማጭድ የሚያነሣ፣ ነዶ የሚነካ ክርስቲያን የለም። የነካ እንደሆነ በዚያ ዓመት በረዶ ቢጥል በእሱ ነው፣ ላም ብትጨነግፍ በእሱ ነው፣ የሰው ልጅ ቢታመም በእሱ ነው። ዝክር ላይ ዋንጫ አይቀበሉትም፤ ለቅሶው ላይ ድንኳን አይተክሉለትም። ሆኖም በዚያ ቀን ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ያለ ወቅቱ ደመና አዝሏል፣ ሂላው ደርቆ አፉን ከፍቷል። አንድ ዶፍ ቢወርድ የዓመት ልፋት ጭቃ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ደመናውን ከሚካኤል አብልጦ ፈራ። የራሱን ሸራ ከመጋዘን ቢያወጣ ሰው ያየዋል፤ የማናዬ ቤት ግን በመንገዱ ላይ ነው፣ በሩ የሚታሰረው በሽቦ ነው፣ ከተማው ሁሉ ታቦት ላይ ነው።

«ማን እንዳመጣላችሁ ንገሪኝ» አልኳት አይናዲስን።

«አንድ ሥዕል ሰብሳቢ ነው የለገሰን። እሱ ደግሞ እህል ማራገፊያ ላይ ጆንያ ተሸፍኖበት አይቶ ከአንድ የጭነት ሾፌር ወሰደው።»

ስሙን ስጠይቃት ሾፌሩ የእኛው ጌች ነው። ወዲያው ደወልኩለት።

«ጌች! ያን ሥዕል ያለበት ሸራ የት አገኘኸው?»

«ኧረ ኢንስፔክተር፣ እኔ ሌባ አይደለሁም!»

«ሌባ ብልህ በስልክ አልደውልልህም ነበር። የት?»

«ደላላው ወንዙ ዳር ሰሊጥ ጫን ብሎ ላከኝ። ሊመሽ ሲል ደረስኩ፤ የቀን ሠራተኞች ናቸው የጫኑልኝ፣ ባለቤቱን አላየሁም። ሸራው ጆንያው ላይ ተጥሎ ነበር። አዲስ አበባ ስደርስ አንድ ሰውዬ በአዲስ ላስቲክ ለወጠኝ። እኔ ደግሞ ላስቲኩ ይሻለኛል፣ ዝናብ አያስገባም።»

«የማን ማሳ ነው?»

«ከሁለቱ ማሳዎች መሐል ባለው መንገድ ነው የቆምኩት። ከሁለቱ የአንዱ ነው።»

ከሁለቱ አንዱ የእኔ ነው። ስለዚህ የቀረው አንድ ነው። ሒሳብ ማለት ይኸ ነው! ስልኩን ዘግቼ አለምነሽን አየኋት፤ እሷ መስኮቱን ታያለች።

በመጣንበት ፍጥነት ተመለስን፤ እንዲያውም ቁልቁለት ስለሆነ ይበልጣል። ሰኞ ጧት ጋሽ አገኘሁ በር ላይ ደረስኩ። ሰላምታ አልሰጠሁም።

«ጋሽ አገኘሁ፣ የሚካኤል ዕለት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«አልኩህ እኮ፣ ታቦት...»

«ታቦቱ ሰሊጥ ያራግፋል?»

ፊታቸው አመድ ሆነ። ከወንበሩ ወርደው መሬት ተቀመጡ። ያን ጊዜ የተናገሩትን አልረሳውም፤ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል።

«ደመናው በላኝ» አሉ። «ዓመቱን ሙሉ የለፋሁበት ነው። አንድ ሸራ፣ አንድ ከሰዓት፣ ከዚያ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። ሰሊጡ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ሳየው ደነገጥኩ። እንዲያ አድርጌ ብመልሰው ሁሉም ያውቃል። ጆንያው ላይ ጥዬ ይሂድ አልኩ። ነገ ሰው ፊት እንዴት እቆማለሁ? ሱዳናዊው ግን ማንም የለው። ለእሱ የሚጠይቅ የለም አልኩ።»

ሰው ማለት ይህ ነው። በበዓል ሠራ እንዳይባል ሌላውን ሰው ወደ እሳት ይሰዳል፤ በማግስቱም ቤተ ክርስቲያን ፊት መስመር ላይ ይቆማል። በምርመራ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይቻለሁ፤ ከዚህ የሚብስ ግን አላየሁም፤ ይኼ ጥላቻ እንኳ አልነበረውም።

ግን ጊዜ አልነበረም። ሐሚድን ወደ ድልድዩ ይዘውት ወርደዋል! ባጃጁን አስቆምኩ፣ ሾፌሩን ገፍቼ ገባሁ፤ በአየር ላይ ሄድኩ ማለት ይቻላል። ድልድዩ ጋ ስደርስ ሐሚድ እመሐሉ ላይ ነው። ማዶ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ይታዩኛል።

«ሐሚድ!» ስል ድምፄ ጋላባት ደርሶ ተመለሰ። «ና! ንጹሕ ነህ! ና!»

ቆመ። ዞረ። እየሮጠ መጥቶ ትከሻዬን ሳመ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ከባድ መኪናዎቹ ጡሩምባቸውን ነፉ፣ ኸሊፋ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ በነጻ ሽንኩርት አደለ። ስርጉት እግሬ ሥር ወደቀች፤ አነሣኋት። አለቃዬ ባርኔጣቸውን አወለቁልኝ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ አለምነሽን ሸሕዲ ከተማ አገኘኋት። አሁን ሳጅን ሆናለች። ሻይ ገዛሁላትና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት።

«በይ እስኪ» አልኳት፣ «አንቺ ከእኔ ጋር ነበርሽ። እውነት መሆኑን ቃልሽን ስጭ።»

እኔ ፖሊስ ነኝ። የምስክር ቃል እንደተነገረ ይሰፍራል፤ አይጨመርበትም አይቀነስበትም፣ ይህ የሥራችን ሕግ ነው። ብርጭቆውን አስቀምጣ፣ ጎረቤት ጠረጴዛ እንኳ በማይሰማው ድምፅ ይህን አለች፦

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ የሄድነው ለስልጠና ነው። ሙዚየሙንም ያየነው ሰልጣኙን ሁሉ በአውቶቡስ ሲያስጎበኙ ነው። አስጎብኚዋ ሰማዩን ስታሳየን እርስዎ ቶሎ ወጡ፤ ውጭ ላይ ነው ያገኘሁዎት። ሐሚድ ያን ጊዜ ተሻግሮ ነበር። ድልድዩ ድረስ ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ እርስዎ አድርሺው ብለውኝ። የጠራውም የለም፣ ዞሮም አላየም። ጋሽ አገኘሁ የሚካኤል ዕለት እስኪመሽ ከታቦቱ አልተለዩም፤ ሱዳናዊ አየሁም አላሉ። ደመናው ሲጠቁር ሸራውን ከማናዬ ግድግዳ ያወረድነው እኛ ነን፣ ጋሼ። አንዱን ጫፍ እርስዎ ያዙ፣ ሌላውን እኔ።»